«ሌላ ሰው ላክ» ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?

ከሀዋሳ የደረሰን ደብዳቤ፣ አሳጥረን፦

«31 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ በአጥቢያችን ደግሞ ከመዘምራን ጋር አገለግላለሁ። ከሁለት ወር በፊት ሽማግሌዎች ጠርተው ሪፈራል ሆስፒታል ሕሙማንን በሚጠይቀው ቡድን ውስጥ እንድገባ ጠየቁኝ። ‹ልጸልይበት› ብዬ ወጣሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። አባቴ ያረፈው እዚያው ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መርፌና ደም ሳይ ያዞረኛል። ሰው ፊት ጮክ ብዬ መጸለይም አልችልም። ልተወው ስል ደግሞ ነገሩ አይተወኝም፤ አባቴን ሳስታምም ጠያቂ የሌላቸውን ሰዎች አይቻለሁ፣ ከዓይኔ አይጠፉም። አንድ ወንድም ‹እምቢ ካልሽ እንደ ዮናስ ማዕበል ይመጣብሻል፣ ጌታ ነው ያለኝ› ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መሥሪያ ቤቴ አዳማ ቅርንጫፍ ሊያዛውረኝ ይችላል፤ እሱን ተቀብዬ ብገላገልስ እላለሁ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። ሳልፈልግ ባገለግል ግብዝነት አይሆንም? ወይስ ፍላጎቱ እስኪመጣ ልጠብቅ? ብሄድስ ምን ይዤ፣ ምን ብዬ ነው የምገባው?»

እኅታችን፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር እናንሳ። ያ ወንድም የነገረሽ ቃል መመዘን አለበት። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ባለበት አፉ፣ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ ይላል (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ ይለዩ ብሏል (1ኛ ቆሮ. 14፥29)። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 3 ላይ ትንቢት ለምን እንደሚሰጥ ሲዘረዝር ማነጽን፣ መምከርንና ማጽናናትን ይጠራል፤ ማስፈራራት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወንድምን በአክብሮት «የነገርከኝን ሽማግሌዎች ባሉበት ድገምልኝ» በይው። እሺ ካለ እነሱ ይመዝኑታል። ካንገራገረ ቃሉን ለራሱ ትተሽለት ሂጂ። አምልኮ ሲያልቅ በር ላይ፣ ለብቻ፣ በጆሮ የሚነገር ማስፈራሪያ ሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ጉልበት ያጥረዋል።

ዮናስንም ያለ ቦታው ነው የጠራብሽ። ዮናስ ዓይን አፋር አልነበረም፣ ሆዱም አልባባም። ለምን እንደሸሸ ራሱ በ4፥2 ይናገራል፤ እግዚአብሔር መሐሪ መሆኑን ስላወቀ፣ የነነዌም ሰዎች እንዲማሩ ስላልፈለገ ነው። ነነዌ ሕዝቡን የምታስጨንቅ የአሦር ከተማ ነበረች። ከኢዮጴ መርከብ ላይ ሲወጣ ዋጋውን ከፍሎ የተሳፈረው ጥላቻውን ይዞ ነው። አንቺ እነዚያን ጠያቂ የሌላቸው ሰዎች አትጠዪም፤ ይልቁንም ከዓይንሽ አልጠፉም። ያንቺ ሰው ሙሴ ነው።

ሙሴ ቁጥቋጦው ፊት ቆሞ አምስት ጊዜ ተከራክሯል። እኔ ማን ነኝ (ዘጸ. 3፥11)። ስሙ ማን ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ (3፥13)። ባያምኑኝስ (4፥1)። አፌ ኮልታፋ ነው (4፥10)። በመጨረሻ ደግሞ፣ እባክህ ሌላ ሰው ላክ (4፥13)። ለአራቱ እግዚአብሔር አንድ በአንድ መልስ ሰጥቷል፦ ከአንተ ጋር እሆናለሁ አለው፣ ስሙን ነገረው፣ ምልክት ሰጠው፣ አፍን የፈጠረው ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ቁጣው የነደደው በአምስተኛው ላይ ነው። አራቱ ምክንያት ነበራቸው፤ አምስተኛው ምክንያቱ አልቆበት የተናገረው ነው። ይህም ሆኖ ተቆጥቶ አልተወውም፤ አሮንን ጨመረለት።

አሁን ደብዳቤሽን በዚህ ዓይን መልሰሽ አንብቢው። «ያዞረኛል»፣ «መጸለይ አልችልም»፣ «አባቴ ያረፈው እዚያ ነው» ያልሻቸው ከአራቱ ወገን ናቸው፤ እያንዳንዳቸው መልስ ይገባቸዋል፣ ከዚህ በታች ለመስጠት እንሞክራለን። «አዳማ ሄጄ ብገላገል» ያልሽው ግን አምስተኛው ነው። ዝውውሩን እንደ ሥራ አስቢው፦ ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩ፣ የባለቤትሽ ሥራ፣ የልጁ መዋያ። ለቤታችሁ የሚጠቅም ከሆነ ሂጂ፤ ኃጢአት የለበትም። ከጥሪ ለማምለጥ ከሆነ ግን አዳማም ሆስፒታል አለ፣ እዚያም ጠያቂ የሌለው ሰው ይተኛል።

(በእኛው ታሪክ የሚያስፈግግ ነገር አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስ ከአክሱም እስክንድርያ ድረስ የወረደው ለኢትዮጵያ ጳጳስ ይላክ ብሎ ሊለምን ነበር። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስም ካንተ የተሻለ ማንን እናገኛለን ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው። ሌላ ሰው ላክ የሚል ሰው አንዳንዴ አድራሻውን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው።)

አለመፈለግ ብቻውን ጥሪው ከእግዚአብሔር መሆኑንም አለመሆኑንም አያሳይም። «ከከበደሽ የጌታ ነው ማለት ነው» የሚሉሽም፣ «ሰላም ካልሰጠሽ የጌታ አይደለም» የሚሉሽም አቋራጭ እየፈለጉ ነው። መመርመር ያለበት የእምቢታው ዓይነት ነው። ፍርሃት ከሆነ ሥራውን አሳንሶ መጀመር ይፈውሰዋል። ቂም ከሆነ፣ ማለትም ከቡድኑ ውስጥ ዓይኑን ማየት የማትፈልጊው ሰው ካለ፣ አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት ከዚያ ሰው ጋር መነጋገር ይቀድማል። ድካም ከሆነ ሌላ ሥራ መጨመር ድካሙን ያብሰዋል። ኤልያስ በክትክታው ሥር ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ በልቶ ከተኛ በኋላ ነው መንገድ የጀመረው (1ኛ ነገ. 19፥5-8)። የሕሊና ወቀሳ ከሆነ ንስሐው ይቅደም። ሐዘን ከሆነ ደግሞ ጊዜና ሌላ በር ይፈልጋል። አንቺ ላይ የምናየው ፍርሃትና ሐዘን ተደርበው ነው፤ ትንሽ ድካምም ሳይኖር አይቀርም፣ የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነሽና።

ግብዝነት ነው ወይ ላልሽው፦ ግብዝ የሌለውን ስሜት ያለው የሚያስመስል ነው። ሳይወድ የሚታዘዝ ሰው ምንም አላስመሰለም። ሕዝቅኤልን እዪው። መንፈስ አንሥቶ ወደ ምርኮኞቹ ሲወስደው በምሬትና በመንፈስ ሙቀት እንደ ሄደ ራሱ ጽፏል፤ ደርሶም በኮቦር ወንዝ አጠገብ በቴልአቢብ በተቀመጡት ምርኮኞች መካከል ሰባት ቀን ደንግጦ ተቀመጠ (ሕዝ. 3፥14-15)። መልእክቱን ገና አልጀመረም፤ መጀመሪያ አብሯቸው ተቀመጠ። ጌታችን በተናገረው የሁለቱ ልጆች ምሳሌም (ማቴ. 21፥28-31) አንደኛው ፊት ለፊት አልወድም አለ፣ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ። ሁለተኛው እሺ ጌታዬ ብሎ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ ያደረገው የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ማንም የማይስተው ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያኖች ችግር ያለው ሁለተኛው ላይ ይመስለናል። «ልጸልይበት» የሚለው ቃል በኛ ዘንድ ጨዋ እምቢታ ሆኗል፤ ሁለት ወር የቆየ «ልጸልይበት» ደግሞ መሪዎቹ ሌላ ሰው እንዳይፈልጉ እጃቸውን ያስራል።

አንድ ጥቅስ ግን ከዚህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፣ አንቺም ሳታስቢው አልቀረሽም። ጴጥሮስ ሽማግሌዎችን መንጋውን በግድ ሳይሆን በውድ ጠብቁ ይላቸዋል (1ኛ ጴጥ. 5፥2)። የሚከለክለው ሰው በሰው ግፊት፣ በይሉኝታ ወይም በጥቅም እንዳይሾም ነው። የጠዋት ስሜትሽ ብሩህ እስኪሆን ጠብቂ ማለቱ ግን አይደለም። ጳውሎስም ወድጄ ባደርገው ደመወዝ አለኝ፣ ያለ ፈቃዴም ባደርገው መጋቢነት በአደራ ተሰጥቶኛል ይላል (1ኛ ቆሮ. 9፥17)። ስለዚህ የምትጠይቂው «ደስ ይለኛል ወይ?» ብለሽ ሳይሆን «ማንም ሳያስፈራራኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በራሴ ውሳኔ እሄዳለሁ ወይ?» ብለሽ ነው። እንግዲህ ያ የዮናስ ማስፈራሪያ መጀመሪያ ከመንገድ መነሣት ያለበትም ለዚህ ነው። ማዕበል ፈርተሽ ከሄድሽ በግድ ነው የሄድሽው።

ቀጥሎ ባለቤትሽ። እሱ ሳያውቅ ለሽማግሌዎች እሺም እምቢም አትበዪ። ሙሴ እንኳ ከቁጥቋጦው ተመልሶ መጀመሪያ የሄደው ወደ አማቱ ወደ ዮቶር ነው፣ ልሂድ ብሎ ሊያስፈቅድ (ዘጸ. 4፥18)። ሕጉም አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ከዘመቻ ነፃ ሆኖ ቤቱ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር (ዘዳ. 24፥5)፤ ቤት በአገልግሎት ስም የሚረገጥ ነገር አልነበረም። ስትነግሪው «ተጠራሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ እንዲህ የሚል ሰው ለመወያየት ቦታ አይተውም። ሰዓቱን ንገሪው፦ በየስንት ቀኑ፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ልጁን ማን ይይዛል፣ የባጃጅ ስንት ይወጣል። ከመዘምራን ጋርም ሁለቱን አንድ ላይ አትያዢ። ልምምዱና እሑዱ አንድ ላይ ሲቆጠር ብዙ ሰዓት ነው፤ ለሦስት ወር ፈቃድ ጠይቀሽ አንዱን አቁሚ። ሁለቱንም እይዛለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚለቀው ቤቱን ነው፣ ከዚያ ሁለቱንም።

ከባለቤትሽ ጋር ከተስማማችሁ ሽማግሌዎቹን ጊዜ ስጡኝ ብለሽ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ለምን እኔ? «ሰው ስለጎደለን» የሚል መልስ ከመጣ ሐቀኛ መልስ ነው፣ ጥሪ ግን ገና አይደለም። «አባትሽን ስታስታምሚ አጠገብሽ ያሉትን እንዴት እንደያዝሽ አይተናል» ካሉ ሌላ ነገር ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ለምን ወጡ? ሦስት ሰው በአንድ ዓመት የወጣበት ቡድን የጎደለው ሰው ሳይሆን አያያዝ ነው። መቼ ያልቃል? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የእምነት ማነስ አድርገው የሚያዩ አሉ። ሌዋውያን እንኳ ከ25 ዓመታቸው ጀምረው በ50 ከሥራው ይወጡ ነበር (ዘኍ. 8፥24-25)፤ መጨረሻው የታወቀ አገልግሎት መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው።

ለመዘጋጃ ጊዜ መለመንም ነውር የለውም። የቤተ ክርስቲያን አባት የሚባለው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ391 በሰሜን አፍሪካ በሂፖ ከተማ ሕዝቡ ይዞ ቄስ ሲያስደርገው አልቅሷል። ከዚያ ግን አልጠፋም፤ ለጳጳሱ ለቫሌርዮስ ደብዳቤ ጽፎ እስከ ፋሲካ ድረስ መጽሐፍ ቅዱስን አጥንቼ ልዘጋጅ ብሎ ጊዜ ለመነ። ቀን የተቆረጠለት ነውና «ልጸልይበት» ከሚለው ጋር ለየቅል ነው። አንቺም እንዲህ በያቸው፦ «ለሦስት ወር፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ለማይበልጥ ጊዜ፣ ከአንዲት ልምድ ካላት እኅት ጋር እሄዳለሁ። መሪ አልሆንም። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ተቀምጠን እንነጋገር።» አሮንሽ ያቺ እኅት ናት። ጌታችንም የላካቸውን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላከው (ማር. 6፥7)፤ ብቻሽን ለመሄድ ከቶ እሺ አትበዪ።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንግባ። እኛ ብንሆን መጀመሪያ ዋርድ ውስጥ አናስገባሽም። ሪፈራል ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ፣ ከጉጂና ከምዕራብ አርሲ የሚመጣ ሕመምተኛ የሚያክም ሆስፒታል ነው። ሕመምተኛው አልጋ አለው። አስታማሚው ግን ጋቢውን አንጥፎ ግቢ ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ያድራል፣ ከተማውን አያውቅም፣ የያዘው ብር ለመድኃኒት ይልቃል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ለአስታማሚዎቹ ብቻ ስጪ። በቴርሞስ ሻይና ዳቦ፣ አንድ የልብስ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የተሞላ ፓወር ባንክ። ደም የለም፣ መርፌ የለም፣ ጮክ ብሎ መጸለይም የለም። ምን ጎደለሽ ብለሽ ጠይቀሽ ትሰሚያለሽ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የማዘዣ ወረቀት አንብቦ «ይህ ላቦራቶሪ ነው፣ በዚያ በር ግቢ» የሚል ሰው ነው፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ወረቀት ማንበብ ቀላል ነው። የሲዳምኛ ሰላምታ ከቡድኑ ካሉት ተማሪ፤ ሁለት ቃል ቢሆን እንኳ ፊታቸውን ይፈታዋል።

ከሦስተኛው ጊዜ ጀምሮ ወደ ውስጥ ግቢ፤ አባትሽ ወደ ተኙበት ክፍል ግን በእነዚህ ሦስት ወራት አትሂጂ። ይህን ለቡድን መሪው በግልጽ ንገሪው፤ ሳያውቅ ቢመድብሽ ጥፋቱ የሱ አይሆንም። የሁለት ዓመት ሐዘን ገና ትኩስ ነው። ከሄድሽ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ቢያጣሽ፣ የአባትሽ የመጨረሻ ሰዓታት ቀን በቀን ቢመላለስብሽ፣ ምግብ ቢዘጋሽ፣ አቁሚና ለመሪሽ ንገሪ፤ ከአማካሪ ወይም ከሐኪም ጋር መነጋገርም ያስፈልግሻል። እግዚአብሔርን መካድ ተደርጎ አይቆጠርም።

የማዞሩ ነገር የታወቀ ምክንያት አለው። አንዳንድ ሰው ደም ሲያይ የልብ ምቱ ዝቅ ይላል፣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ በእምነት ከመበርታትና ካለመበርታት ጋር አይገናኝም። ቁርስ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ። የጾም ጸሎት ቀን ከጉብኝት ቀን ጋር አታጋጥሚ፤ በኛ ቤተ ክርስቲያኖች «ለአገልግሎት ጾመን እንሂድ» የሚባለው ለዋርድ አይሆንም። ላብ ላብ ሲልሽ ወይም ዓይንሽ ሲጨልም እግሮችሽን አቆላልፈሽ የጭንና የሆድ ጡንቻሽን ጭምቅ አድርጊ፣ ካላለፈ ወዲያው ተቀመጪ፤ መሬት ላይም ቢሆን። ቆሞ መታገል ነው የሚያስወድቀው። ቁስል ሲታጠብ ወይም መርፌ ሲወጋ ደግሞ «እንመለሳለን» ብሎ መውጣት ለሕመምተኛውም ክብር ነው።

ጠዋት ሐኪሞች ራውንድ ላይ ናቸው፣ ማለትም ሕመምተኞቹን እየዞሩ ያያሉ፤ ያኔ መግባት ሥራ ማደናቀፍ ነው። የጥየቃ ሰዓቱን ከሲስተሯ አረጋግጣችሁ፣ እንደገባችሁም እሷን አስፈቅዱ። ከመግባትሽ በፊትና ከእያንዳንዱ አልጋ በኋላ እጅሽን ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ በሳሙና ታጠቢ ወይም ሳኒታይዘር ተጠቀሚ፤ አለበለዚያ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ጀርሙን የምታመላልሺው አንቺ ነሽ። ጉንፋን ከያዘሽ ቅሪ። አልጋ ላይ አትቀመጪ። ነጠላሽ ግሉኮስ የተሰቀለበትን ገመድ እንዳይጎትት ሰብስቢው። አንድ ሰው ጋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ሕመምተኛ ደክሞት እንኳ «ሂዱ» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እናንተ ቀድማችሁ ተነሡ።

ጸሎቱ ያስፈራሽ ብዙ ከሰማሻቸው ረጃጅም ጸሎቶች ጋር ስላነጻጸርሽው ነው። ዋርድ ውስጥ ረጅምና ጮክ ያለ ጸሎት ስሕተት ነው፤ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል አምስቱ ሳይወዱ ይሰማሉ። በመጀመሪያ «ልጸልይልዎት ይፈቅዳሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አይ ካሉ «እግዜር ይማርዎት» ብለሽ ጨዋታሽን ቀጥዪ። እሺ ካሉ መዝሙር 121ን አንብቢ፤ ስምንት ቁጥር ብቻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥለሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ ስማቸውን ጥሪ፣ የነገሩሽን አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ንገሪ፣ ለሐኪሞቹና ለአስታማሚው ለምኚ። ከዚያ አባታችን ሆይ። ይህን ጸሎት ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሰው አብሮሽ መጸለይ ይችላል፣ አንቺም ቃል አይጠፋሽም። እጅ ስትጭኚ መርፌ የገባበትንና የታሸገ ቁስል ያለበትን ቦታ ራቂ፤ የሚሻለው መዳፍ መያዝ ነው።

ቡድኖች የሚበላሹት ብዙውን ጊዜ በአንደበት ነው። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ የተቀመጡ ጊዜ ደግ ጠያቂዎች ነበሩ (ኢዮ. 2፥13)፤ ጥፋታቸው የጀመረው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ለምን እንደታመመ አትጠይቂ፣ አታብራሪም። «ትድናለህ፣ ጌታ ነግሮኛል» አትበዪ። «የእኔም አጎት በዚሁ በሽታ...» የሚለውን ወሬ አፍሽ ውስጥ አስቀሪው። ከሁሉ በላይ ማንንም መድኃኒት አቁም እንዳትዪ፤ ከቡድንሽ የሚል ሰው ካለም እዚያው አስቁሚው፣ ለሽማግሌዎችም ንገሪ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ተሽሎኛል ብሎ ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስበት ይችላል። የኢንሱሊንና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ሰው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሰሙትን ሕመም በጸሎት ማስታወቂያ ላይ ስም ጠርቶ መናገር፣ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መልቀቅም በአገልግሎት ስም የሚሠራ በደል ነው። ገንዘብ በእጅሽ አትስጪ፤ ችግሩን ለዲያቆናት አቅርቢ፣ እነሱ በደረሰኝ ይክፈሉ። ስልክ ቁጥርሽንም ለሁሉ አትበትኚ፤ የቡድኑን አንድ ቁጥር ስጪ፣ አለበለዚያ በወር ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚደወልልሽ አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ።

ብርቱካኑ። ብርቱካንና ሙዝ የሕመምተኛ ጥየቃ ወግ ነው፣ እናውቃለን። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ሁለቱም ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ኩላሊቱ ስለማያስወጣው በደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብን ምት ያዛባል። ስኳር ያለበት ሰው ጁስ አይስማማውም፣ ልቡ የደከመ ደግሞ ጨውና ብዙ ፈሳሽ ይከለከላል። ከቀዶ ጥገና በፊት ምግብ ያልተፈቀደለት ሰው «ትንሽ ብቻ» ብለሽ ብታጎርሺው ቀጠሮው ይሰረዛል፣ ወይም ሲደነዝዝ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሲስተሯን ሳትጠይቂ ምንም አታቅምሺ።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ከባለቤትሽና ከመሪዎችሽ ጋር ተቀመጪ። ደስታ መጣ ወይ ከሚለው በፊት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፦ በቀጠሮው ቀን ተገኝተሻል? ቤትሽ ተጎድቷል? አብራሽ የሄደችው እኅት ምን አየች? ሕመምተኞቹና አስታማሚዎቹስ መምጣታችሁን ይፈልጉታል? ጳውሎስ ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ያለው ለሹመት ብቻ የሚጠቅም አይደለም (1ኛ ጢሞ. 3፥10)፤ መፈተን ማለት የማይሆን ከሆነ መተው ይቻላል ማለትም ነው። ዋርዱ ካልሆነልሽ የአስታማሚዎቹን ሻይ፣ የሳሙናውን ግዢና የዲያቆናቱን ደረሰኝ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በየጊዜው ሂሳቡ የሚጠፋባቸው ቡድኖች ብዙ ናቸው።

ለአሁኑ ግን ያን የሁለት ወር «ልጸልይበት» ዝጊው። በዚህ ሳምንት ለባለቤትሽ ንገሪ፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው እሑድ ሽማግሌዎቹን አግኝተሽ ወይ ከላይ የጻፍነውን የሦስት ወር ሐሳብ አቅርቢ፣ ወይ «አሁን አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው።